ኔትወርክ ሲጠፋ መንገድ እንዳይጠፋባችሁ፦ የመኪና የካርታ አፕ አመራረጥና አዘገጃጀት

ከቃሊቲ ወዲያ እቃ እያመላለስኩ ነው የምኖረው። ቁምሳጥን፣ አልጋ፣ ሶፋ። መንገዴ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ቦሌ አራብሳ፣ አንዳንዴም እስከ ለገጣፎ ነው። አብረውኝ የሚሠሩ ሹፌሮች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፤ «የትኛው የካርታ አፕ ይሻላል?» ስሙን እነግራቸዋለሁ። ያወርዱታል። በማግስቱ ይደውሉና «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር አይሠራም» ይሉኛል።

አፑ ይሠራል። የጎደለው ዝግጅቱ ነው። አፕ ማውረድና ካርታ ማውረድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። የተላከለትን ፒንም (ቦታውን ካርታ ላይ የሚያሳየውን ምልክት) ሳያጣራ ይነሳል። ከዚያ ሰው በሌለበት ኮብልስቶን ላይ፣ ጨለማ ውስጥ፣ እቃ ጭኖ ይቆማል። በቅደም ተከተል ሂዱ። በተለይ ደረጃ 4ን አትዝለሉ፤ አፑ የሚመረጠው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ሦስቱን ለዩ

የካርታ አፕ አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ሦስት ነገር ነው። አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ስለምንነካካ ነው መፍትሔ የሚጠፋብን።

1. ጂፒኤስ። ሰማያዊዋ ነጥብ ናት። ስልካችሁ ከሳተላይት የሚመጣ ምልክት ይቀበላል። ዳታ አይፈልግም፣ ሲም ካርድ አይፈልግም፣ ሂሳብ አይቆርጥም።
2. ካርታው። የመንገዱና የሕንፃው ሥዕል ነው። አስቀድማችሁ ካላወረዳችሁት በየደቂቃው ከኢንተርኔት ነው የሚመጣው። ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።
3. መንገድ መራጩ። «እዚህ ጋ ወደ ግራ» የሚለው ክፍል ነው። የሚሠራው ካርታው ላይ መንገዶቹ ተገናኝተው ከተሣሉ ብቻ ነው።

ስለዚህ ችግር ሲመጣ እንዲህ ብላችሁ ለዩ። ነጥቧ አለች፣ ጀርባዋ ግን ነጭ ወይም ግራጫ ወረቀት ሆኗል፤ ካርታ አላወረዳችሁም። ካርታው አለ፣ ነጥቧ ግን የለችም ወይም ቆማ ቀርታለች፤ ጂፒኤሱ ነው። ሁለቱም አሉ፣ መስመሩ ግን ወደማይሆን ቦታ ይወስዳል፤ ወይ ሴቲንጉ ወይ ፒኑ ነው። ከታች ያለውን ሁሉ በዚህ ዓይን አንብቡት።

ደረጃ 1፦ አፕ ከመምረጣችሁ በፊት ስልኩን ፈትሹ

1. ስልኩ ላይ ቢያንስ 2 ጊጋ ባይት ባዶ ቦታ አስለቅቁ። ከቴሌግራም የተጠራቀመውን ቪዲዮ ብታጠፉ ብዙ ጊዜ ይበቃል።
2. ሎኬሽን ክፈቱ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለካርታ አፑ «ትክክለኛ ሎኬሽን» መፈቀዱን እዩ። ግምታዊው ብቻ ከተፈቀደ ነጥቧ ሰፈሩን ታሳያችሁ ይሆናል እንጂ መንገዱን አታሳይም።
3. የባትሪ ቁጠባውን አጥፉ። ብዙ ስልኮች ስክሪኑ ሲጠፋ ጂፒኤሱን አብረው ያስተኛሉ። «ነጥቧ ደርቃ ቀረች» የሚባለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል።
4. ውጪ ውጡ። ቆርቆሮ ሥር ወይም ሳሎን ውስጥ ሆናችሁ አትፈትሹ። ሰማይ በደንብ በሚታይበት ቦታ ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉና ጠብቁ። ዘመናዊ ስልኮች በበረራ ሁነታም ጂፒኤስ ይቀበላሉ።

እዚህ ጋ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ስልክ ዳታ ሲኖረው ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ከኢንተርኔት ስለሚጠይቅ በሰከንዶች ውስጥ ቦታችሁን ያገኛል። ዳታ ከሌለ መረጃውን ከሰማይ ቀስ ብሎ ያነባል። ለብዙ ቀን ጠፍቶ የቆየ ስልክ ከሆነ ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ሳትንቀሳቀሱ ቁሙ። እየነዳችሁ ከጠበቃችሁት ይረዝማል።

ነጥቧ ከመጣች በኋላ ከቆማችሁበት በ5 ሜትር አካባቢ ብትርቅ ጤነኛ ናት። በረጃጅም ሕንፃዎች መሀል ከዚያ በላይ መንቀጥቀጧ ያለ ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ፣ በተከፈተ ሰማይ ሥር ሆናችሁ ካልመጣች ግን ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩና ድገሙት። አሁንም ካልመጣች የሚያስቸግረው ስልኩ ነው፤ ምንም አፕ ብትቀያይሩ አይድንም።

ደረጃ 2፦ አንድ ሳይሆን ሁለት አፕ ጫኑ

ለኛ ሥራ የሚረቡ ሦስት ናቸው።

ጉግል ማፕ ሁላችሁም ጋ አለ። የሱቅና የድርጅት ስም በማግኘት አይታማም። ኦፍላይን ሲሆን ግን አቅሙ ይቀንሳል። የመኪና መንገድ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የእግር መንገድ የለም። መጨናነቁን አያሳይም፣ አማራጭ መንገድም አያቀርብም። ያወረዳችሁት ካርታም የጊዜ ገደብ አለው። ካላደሳችሁት ያልፍበታል።

ኦርጋኒክ ማፕስ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። የሚጠቀመው ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለውን፣ ማንኛውም ሰው ሊያርመው የሚችለውን ካርታ ነው። ቀላል ነው፣ በአሮጌ ስልክም ይፈጥናል። ለጀማሪ ከሁሉ በፊት የምሰጠው ይሄን ነው።

ኦስምአንድ ካርታውን የሚወስደው ከዚያው ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ሴቲንጉ ግን ብዙ ነው። ፒስታ መንገድ መከልከል፣ የሄዳችሁበትን መስመር መመዝገብ፣ የመኪናውን ቁመትና ክብደት ማስገባት ይቻላል። በነጻው ላይ የካርታ ማውረጃ ገደብ አለው፤ ለኢትዮጵያ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ግን ይበቃል። ለመልመድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። የጭነት መኪና የምትነዱ ከሆነ ሁለቱ ቀን አይቆጫችሁም።

የኔ ምክር ጉግል ማፕን ይዛችሁ ከቀሪዎቹ አንዱን ጨምሩ ነው። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ ምንጫቸው አንድ ስለሆነ አንደኛው ላይ ያልተሣለ መንገድ ሌላኛውም ላይ አይኖርም። ሁለቱን ብቻ መያዝ ሁለት ዓይን መያዝ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ካርታውን በዋይፋይ አውርዱ

ይሄን የምትሠሩት ቤት ወይም ዋይፋይ ያለበት ካፌ ነው። መንገድ ላይ በዳታ አትጀምሩት። ግማሽ ላይ ከተቋረጠ ወርዷል ብላችሁ ትሸወዳላችሁ።

1. ጉግል ማፕ ላይ የፕሮፋይል ሥዕላችሁን ንኩ፤ «ኦፍላይን ማፕስ» ግቡ፤ የራሳችሁን ቦታ ምረጡ።
2. የሚመጣው አራት ማዕዘን አዲስ አበባን ብቻ እንዳይዝ። ስፉበት። በደቡብ ዱከምና ቢሾፍቱ፣ በምዕራብ ሆለታና ሰበታ፣ በሰሜን ሱሉልታ፣ በምሥራቅ ሰንዳፋ ውስጥ ይግቡ። ሰው የሚጠፋው ሳጥኑ ያለቀበት ጠርዝ ላይ ነው።
3. ኦርጋኒክ ማፕስ ላይ ወደ አዲስ አበባ ቀርባችሁ ተመልከቱ፤ ራሱ «አውርድ» ይላችኋል። ኦስምአንድ ላይ «ካርታ አውርድ» ከሚለው ገብታችሁ አፍሪካን፣ ከዚያ ኢትዮጵያን ምረጡ።
4. ማውረዱ ሲያልቅ አፑን ዝጉና ክፈቱ። የወረደው ዝርዝር ውስጥ ስሙ መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ።
5. በወር አንዴ አድሱ። የኛ አካባቢ መንገድ በየጊዜው ይቀየራል። ትናንት የነበረ መታጠፊያ ዛሬ ተቆፍሮ ታገኙታላችሁ።

ካርታውን ሚሞሪ ካርድ ላይ ባታስቀምጡት እመርጣለሁ። ርካሽ ካርድ በፀሐይና በንዝረት ይበላሻል፣ ያን ቀን ካርታው ይጠፋል።

ደረጃ 4፦ በበረራ ሁነታ ፈትኑ፣ ከዚያ ምረጡ

አፕ በሰው ምክር አይመረጥም፤ በኔም ቢሆን። የሚመረጠው በምትሠሩበት ሰፈር ነው።

1. በደንብ የምታውቋቸው ሦስት ቦታዎች ምረጡ። አንዱ ዋና አስፋልት ዳር ይሁን። አንዱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ያለ ብሎክ ይሁን። አንዱ ገና እየተሠራ ያለ፣ ፒስታ የሚያስኬድ ሰፈር ይሁን።
2. ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉ። ዋይፋዩም መጥፋቱን እዩ።
3. በሁለቱም አፖች ሦስቱን ቦታዎች በስም ፈልጉ። የቱ አገኘ? ጻፉት።
4. በስም ያልተገኘውን ካርታው ላይ ጣታችሁን አቆይታችሁ ፒን አድርጉበት። መንገድ ምሩኝ በሉት።
5. ያወጣውን መስመር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጣታችሁ ተከተሉ። እናንተ የምትሄዱበት ነው? የሌለ ድልድይ ያሻግራል? በግንብ የተዘጋ በር ያስገባል?
6. ከተቻለ አንዱን ቦታ በእውነት ነድታችሁ ሂዱበት። ረዳቱ ስልኩን ይያዝ፣ የተሳሳተበትን ይመዝግብ።

ሦስቱንም ያገኘ አፕ ካለ እሱ ዋናችሁ ነው። አንዱ አስፋልቱን፣ ሌላው ውስጥ ለውስጡን ካወቀ ደግሞ ሁለቱን በየተራ ተጠቀሙ። እኔ ራሴ እንደዚያ ነው የማደርገው። እስከ ሳይቱ በር በጉግል፣ ከበሩ ወዲያ በኦርጋኒክ ማፕስ።

በስም ፍለጋ አንድ የሚያሰናክል ነገር አለ። የአካባቢያችን ስሞች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ተጽፈው ይገኛሉ። በአማርኛ ጽፋችሁ ካላገኛችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በኦሮምኛ ቁቤ የ«ጥ» ድምፅ የሚጻፈው በኤክስ ፊደል ነው፣ የ«ጭ» ድምፅ በሲ፣ የ«ቅ» ድምፅ በኪው። ስለዚህ ጣፎን በቲ ጽፋችሁ ብታጡት በኤክስ ሞክሩ። ፈጬን በሲኤች ብታጡት በሲ ብቻ ሞክሩ። ቃሊቲን በኬ ብታጡት በኪው ሞክሩ። ካርታው ላይ እያለ «የለም» የተባለ ስንት ሰፈር በዚህ ተገኝቶልኛል።

ደረጃ 5፦ ሴቲንጉን ለመኪናችሁ አስተካክሉ

የክፍያ መንገድ። ወደ ደቡብ ለምትሠሩ ይሄ ወሳኝ ነው። የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። አፑ ፈጣን መንገድ ስለሚወድ ዱከም ወይም ገላን ልትሄዱ ስትሉ ወደ ክፍያ በሩ ሊመራችሁ ይችላል። አንዴ ከገባችሁ መልሳችሁ አትዞሩም፤ እስከሚቀጥለው መውጫ ድረስ መንዳት ግድ ነው። «የክፍያ መንገድ አስወግድ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። በሦስቱም አፖች አለ።

ያልተነጠፈ መንገድ። ክረምት ሲገባ «ያልተነጠፈ አስወግድ» የሚለውን በኦርጋኒክ ማፕስና በኦስምአንድ ላይ አብሩት። በአቃቂና በቦሌ አራብሳ በኩል ያለውን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል። በበጋ ድንጋይ ነው፣ በሐምሌ ጎማ ይውጣል። አፑ ዝናብ መዝነቡን አያውቅም። ለሱ ፒስታው ሁልጊዜ መንገድ ነው። መስከረም ካለፈ በኋላ ማጥፋት እንዳትረሱ፤ አለበለዚያ አቋራጩ እያለ ዙሪያ ጥምጥም ያስኬዳችኋል።

የመኪና ዓይነት። መነሻው ላይ የእግረኛ ወይም የብስክሌት ምልክት ተመርጦ እንደሆነ እዩ። አይሱዙ ይዛችሁ የእግር መንገድ ከተከተላችሁ መጨረሻው ደረጃ ነው።

ኃይል። ካርታ ሙሉ ቀን ሲበራ ባትሪ ይበላል። የመኪና ቻርጀር ግዙ። ከመሰካታችሁ በፊት ግን ጀርባውን አንብቡ። የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው። ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ ቻርጀር ብትሰኩበት ይቃጠላል፣ ስልኩንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። «12–24» የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ። ስልኩን ደግሞ ከመስታወቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ አትስቀሉት። ሲግል ቻርጅ ማድረግ ያቆማል፣ ከባሰም ይጠፋል።

ደረጃ 6፦ ፒኑን ሳታጣሩ አትነሱ

እዚህ ጋ ቆም ልበል። አፑ ፍጹም ሆኖ ፒኑ ከተሳሳተ ሁሉም ከንቱ ነው።

አንድ ምሽት ለአንዲት እናት ቁምሳጥን ጭኜ ሄድኩ። ፒኑን የላከው ልጃቸው ነው። ብሎኩን አገኘሁ፣ ቁጥሩም ያው ነው። ደወልኩላቸው።

«እናቴ፣ ደርሻለሁ። ብሎኩ ሥር ነኝ።»

«ልጄ፣ እኔም ብሎኩ ሥር ነኝ። የለህም እኮ።»

ለካ የብሎኩ ቁጥር አንድ ነው እንጂ ሳይቱ ሌላ ነው። በየሳይቱ ቁጥር ከአንድ ስለሚጀምር ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ብሎክ ብዙ ቦታ አለ። ያገኘኋቸው ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው። ነጠላቸውን ተከናንበው በብርዱ ቆመው ሲጠብቁኝ ነበር። ያን ቀን ያፈርኩትን ማፈር አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ ተነስቼ አላውቅም።

1. ላኪውን «አሁን ያለህበትን ነው የላክኸው ወይስ የቤቱን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ «ያለሁበትን ላክ» የሚለውን ይጫንና የቢሮውን ፒን ይልካል። የቤቱን ለመላክ ካርታውን አንቀሳቅሶ ፒኑን ቤቱ ላይ ማሳረፍ አለበት።
2. «ቀጥታ ሎኬሽን» አትቀበሉ። ሰውየው ሲንቀሳቀስ ፒኑም ይንቀሳቀሳል፣ ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ ይጠፋል።
3. የሳይቱን ስም፣ የብሎኩን ቁጥርና አንድ ምልክት በጽሑፍ ይላክላችሁ። ኮንቴነር ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የታክሲ ማዞሪያ። ከፒኑ ጋር አስተያዩት።
4. ፒኑን ኔትወርክ እያለ ኦፍላይን አፑ ውስጥ ክፈቱትና በኮከብ አስቀምጡት። ስሙን ራሳችሁ ጻፉ። ቻት ውስጥ ብቻ ከተተወ ኔትወርክ ሲጠፋ ላይከፈት ይችላል።
5. ቦታው በቁጥር (በኬክሮስና በኬንትሮስ) ከተላከላችሁ ቅደም ተከተሉን እዩ። በኛ አካባቢ የመጀመሪያው ቁጥር በ8 ወይም በ9 ይጀምራል፣ ሁለተኛው በ38። ተገላብጦ ከገባ ፒኑ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ያርፋል። ካርታው ባሕር ካሳያችሁ አትደንግጡ፤ ቁጥሮቹን አቀያይሩ።
6. ከነጥቡ በኋላ ስንት አሃዝ እንዳለም ቁጠሩ። አምስት አሃዝ ማለት በ1 ሜትር ገደማ የጠራ ነው። አራት አሃዝ ወደ 11 ሜትር፣ ሦስት ወደ 110 ሜትር፣ ሁለት ግን ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያሳስት ይችላል። ሁለት አሃዝ ብቻ ይዛችሁ ቤት አትፈልጉ።

በስልክ ቁጥሩን አንብቦ መናገር ለሚከብደው ሰው ፕላስ ኮድ ይሻላል። ጉግል ማፕ ላይ ፒን ሲደረግ ከሥሩ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ይወጣል፤ መሀሉ ላይ የመደመር ምልክት አለው። ወደ 14 ሜትር በ14 ሜትር የሆነ ቦታ ያመለክታል። አንድ ብሎክ ለማግኘት ይበቃል።

ደረጃ 7፦ ላፕቶፕ ለምትጠቀሙ

ብዙ አድራሻ በቀን የምታደርሱ፣ መሬት የምትለኩ ወይም ለድርጅት መስመር የምታወጡ ከሆናችሁ ላፕቶፕ ሥራ ያቀላል። መጀመሪያ ግን ይሄን እወቁ፦ አብዛኛው ላፕቶፕ ጂፒኤስ የለውም። ቦታችሁን የሚገምተው ከዋይፋይና ከኢንተርኔት መስመሩ ነው። ቱሉ ዲምቱ ቆማችሁ መሀል ከተማ ናችሁ ሊላችሁ ይችላል። መኪና ውስጥ ልትጠቀሙበት ከፈለጋችሁ በዩኤስቢ የሚሰካ የጂፒኤስ መቀበያ ያስፈልጋል። ስትሰኩት ኮምፒውተሩ የፖርት (የመሰኪያ) ቁጥር ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ውስጥ ያንን ቁጥር ካልመረጣችሁ ነጥብ አይመጣም። መቀበያው በትክክለኛው ፖርት እያለም ዝም ካለ ፕሮግራሙ ውስጥ የመረጃ መቀበያ ፍጥነቱን ከ4800 ወደ 9600 ቀይሩና እዩ።

እኔ ግን ላፕቶፑን ለማታ ዝግጅት ብቻ ነው የምጠቀምበት። መኪና ውስጥ ስልኩ ይበቃል። ማታ እንዲህ አደርጋለሁ፦

1. የሳተላይት ምስል የሚያሳየውን ጉግል ኧርዝ ፕሮን እከፍታለሁ። ከ2015 ወዲህ ነጻ ነው፤ ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።
2. የነገ ደንበኞችን አንድ በአንድ ፒን አደርጋለሁ። የሳተላይት ምስሉ ላይ የብሎኩን ጣሪያና የግቢውን በር አያለሁ።
3. ሁሉንም በአንድ ፎልደር አድርጌ ኬኤምኤል በሚባለው የካርታ ፋይል ዓይነት አስቀምጣለሁ።
4. ፋይሉን በቴሌግራም ለራሴ እልካለሁ፤ ስልኩ ላይ በኦርጋኒክ ማፕስ እከፍተዋለሁ። ሁሉም ፒን በስሙ ይገባል።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የከፋውን ስህተት ልንገራችሁ። የይዞታ ካርታ ላይ ያለውን የማዕዘን ቁጥር ጉግል ኧርዝ ላይ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ቁጥሩ ወደ ምሥራቅ የሚለካው በ4 የሚጀምር ስድስት አሃዝ፣ ወደ ሰሜን የሚለካው በ9 የሚጀምር ስድስት አሃዝ ነው። ወደ ሱሉልታ በኩል ከሆነ ሁለተኛው ሰባት አሃዝ ይሆናል። ያስገቡትና መሬታቸው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ወይም ወንዝ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ ጸብ ይነሳል። እባካችሁ፣ ጸብ ከመነሳቱ በፊት ይሄን አንብቡ።

ብዙ የሀገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው። ጂፒኤስና ጉግል ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ይጠቀማሉ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ይመስላሉ፣ ግን አይገናኙም። የአዲንዳኑን ቁጥር እንዳለ ካስገባችሁት ነጥቡ ከእውነተኛው ቦታ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይርቃል። መሬታችሁ አልተወሰደም። መለወጥ ነው ያለበት።

1. ካርታው ጥግ ላይ «አዲንዳን» ወይም «ደብሊውጂኤስ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ዞኑ (የልኬት ክልሉ) በኛ አካባቢ 37 ነው።
2. ኪውጂአይኤስ የሚባለውን ነጻ የካርታ ፕሮግራም ጫኑ። ትልቅ ስለሆነ በዋይፋይ አውርዱት።
3. የማዕዘኖቹን ቁጥር ኤክሴል ላይ ጻፉና በሲኤስቪ የፋይል ዓይነት አስቀምጡ። ወደ ምሥራቅ የሚለካው ኤክስ ነው፣ ወደ ሰሜን የሚለካው ዋይ ነው።
4. ፋይሉን ስታስገቡ የልኬት ሥርዓቱን በመለያ ቁጥሩ፣ ኢፒኤስጂ 20137 ብላችሁ ምረጡ። እሱ አዲንዳን ዞን 37 ሰሜን ነው። ካርታው ደብሊውጂኤስ ከሆነ ግን 32637 ምረጡ።
5. የመለወጫ ዝርዝር ካመጣላችሁ ኢትዮጵያ የሚለውን ምረጡ። የሱዳን ወይም የማሊ እንዳትመርጡ።
6. በኬኤምኤል፣ በኢፒኤስጂ 4326 (በደብሊውጂኤስ 84) አውጡና ጉግል ኧርዝ ላይ ክፈቱት። ከአጥራችሁ ጋር መግጠሙን እዩ።

ካርታው ላይ ምንም ካልተጻፈ ሁለቱንም ሞክሩ። አጥሩ ላይ የሚያርፈው አንዱ ብቻ ነው። ይሄ ግን ለማየት እንጂ ድንበር ለመትከል አይሆንም። የሳተላይቱ ምስል ራሱ በሜትሮች ሊንሸራተት ይችላል። ድንበር የሚተክለው የመሬት ልኬት ባለሙያ በመሣሪያው ነው።

መንገድ ላይ ሲበላሽ

*ነጥቧ ደርቃ ቀረች።* ዳር ያዙና ቁሙ። ሎኬሽኑን አጥፍታችሁ አብሩ። ስልኩን ከብረት ጣሪያው ሥር አውጥታችሁ በመስኮት ያዙት። አሁንም ካልሆነ የባትሪ ቁጠባው ተመልሶ በርቶ እንደሆነ እዩ። ባትሪ 15 በመቶ ሲደርስ በራሱ የሚያበራ ስልክ አለ።

*ነጥቧ ከጎን ባለው መንገድ ላይ ትሄዳለች።* ዋናው መንገድና የጎን መንገዱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ያጋጥማል። የአፑን ድምፅ አትስሙ፤ ታፔላውን አንብቡ። ከአንድ መቶ ሜትር በኋላ ራሷ ትስተካከላለች።

*መንገዱ ተቆፍሯል ወይም ተዘግቷል።* አፑ «ተመለስ፣ ተመለስ» እያለ ይጨቀጭቃችኋል። የአፑን መንገድ መሪ ዝጉት። ካርታውን አስፍታችሁ በዓይናችሁ ሌላ መንገድ ፈልጉ፤ ፒኑን አትንኩት። ከተዘጋው ቦታ በደንብ ስትርቁ መንገድ መሪውን እንደገና አስጀምሩ።

*ፒኑ ሜዳ ላይ ነው፣ ቤት የለም።* ከመደወላችሁ በፊት የተጻፈላችሁን ምልክት አንብቡ። ከዚያ ደውሉና «አሁን የማየው ይሄን ነው» ብላችሁ ከእናንተ ጀምሩ። ደንበኛው «የት ደረስክ?» ሲል የሰፈር ስም ብቻ አትንገሩት። የምታዩትን ሱቅ ስም አንብቡለት።

*ስልኩ ጠፋ።* ለዚህ ነው የረዳቱ ስልክ ላይም ያው አፕና ያው ካርታ የሚጫነው። ጠዋት የፒኖቹን ፋይል ለሱም ላኩለት። የሳይቱን ስም፣ የብሎኩን ቁጥርና የደንበኛውን ስልክ ደግሞ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከደረሰኙ ጋር አብሮ ይቀመጥ።

*እየነዳችሁ መፈለግ አስፈለጋችሁ።* አታድርጉት። ቅጣቱ አለ፣ ከቅጣቱ ይልቅ ደግሞ በየሳይቱ መሀል መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሉ። ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ፈልጉ፣ ከዚያ ሂዱ።

*መንገዱ በእውን አለ፣ ካርታው ላይ ግን የለም።* ኦስምአንድ ላይ የጉዞ መዝጋቢውን አብሩና በመንገዱ ሂዱበት። ማታ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ አካውንት ከፍታችሁ የሄዳችሁበትን መስመር ጫኑት፣ መንገዱን ሣሉት። መሣል ከከበዳችሁ ማስታወሻ ብቻ ተዉ፤ «እዚህ ጋ ኮብልስቶን መንገድ አለ፣ መኪና ያስገባል» ብላችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ወር ካርታውን ስታድሱ መስመሩን ፈልጉት። ከነቁፋሮው፣ ከነአዲሱ ማዞሪያው ሰፈራችን ካርታ ላይ የሚወጣው እኛ ስንሥለው ነው፤ ከእናንተ ኋላ የሚመጣው ሹፌር በዚያ መስመር ይገባል።